የሁለት አሰልጣኞች ስንብት

ዛሬ የማወጋችሁ በአንድ ዓመት ከሥራቸው ስለተሰናበቱ ሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ናቸው፤ ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱ፣ የእኛው ሰው። ሁለተኛው ዴቪድ ሞይስ ነው፤ ስኮትላንዳዊ፣ የማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ የነበረ። ሁለቱም በ2006 ዓ.ም. ተሰናበቱ፤ በመካከላቸው ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። የሁለቱም ወሬ ከሚሴ ደረሰ። የአንዱ ሲሰማ ኳስ ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት ጭጭ አለ። የሌላው ሲሰማ ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ፉጨቱ አስፋልት ማዶ ተሰማ።

መቼም የወሎን መንገድ የተጓዘ ሰው ከሚሴን ሳያውቃት አይቀርም። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ካራቆሬን አልፋችሁ ትገቡባታላችሁ። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ኦሮምኛውም አማርኛውም በአንድ አፍ፣ በአንድ ወግ ውስጥ ይነገርባታል። ወደ ሐርቡ ስትሉ ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ አለ፤ በጋ ሲገባ አፋሮች ግመላቸውንና ከብታቸውን ይዘው ይወርዱበታል። ቀን ሙቀቱ አያስወጣም። አመሻሽ ላይ ግን ከተማዋ ነፍስ ትዘራለች፤ ወጣቱም ወደ ኳስ ቤት ይጎርፋል።

የእኛ ኳስ ቤት ግድግዳው ቆርቆሮ፣ አግዳሚው ያልተላገ ሳንቃ ነው። ከፊት አንድ ሰፊ ቴሌቪዥን፣ ከጓሮ መብራት ሲጠፋ የምትነሳ ጄኔሬተር አለች። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሂሳብ የሚሰበስበው ልጅ የዕለቱን ጨዋታ በጠመኔ ይጽፍበታል። ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር፣ ቡድኖቹን በቁልምጫ ስማቸው ነው የሚጽፈው። ማንቸስተር ዩናይትድ ብሎ ሰሌዳ የሚያጣብብ የለም። «ማንቼ» ካለ ሁሉም ያውቃል።

እዚያ ቤት ሦስት ሰዎች አሉ፤ ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ። አንዱ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የማንቼ ሰው፣ ባጃጁን በቀይ ጨርቅ ያለበሰ። ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ነው፤ አርሰናልን የሚወድ፣ ሲናደድ የማይጮህ። ሦስተኛው ሀጂ ናቸው። በደጉ ጊዜ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ የትኛውንም የእንግሊዝ ክለብ የማይደግፉ ሽማግሌ። እርሳቸው ቡድናቸው አንድ ነው፤ ብሔራዊ ቡድናችን፣ ዋልያ። ሌላውን ጨዋታ የሚያዩት ከልጆቹ ጋር ለመጫወት ብለው ነው።

እንግዲህ ከዋልያው ልጀምር።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተናል። አዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 ካሸነፍን ወደ አፍሪካ ዋንጫ እናልፋለን፤ አንድ ከተቆጠረብን ግን ሂሳቡ ይበላሻል። አዳነ ግርማ አገባ። ሳላዲን ሰይድ ደገመ። 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጭ ባገባነው ብልጫ አለፍን። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ከአፍሪካ ዋንጫ የራቀች አገር ተመለሰች! ያን ቀን ከሚሴ ላይ ማን ከማን ጋር እንደተቃቀፈ አይጠየቅም። ሀጂ ጥምጣማቸውን አውልቀው ሲያውለበልቡ ያየናቸው የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ምድቡ ከባድ ነበር። መጀመሪያ ያገኘን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ነው። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፤ በ10 ሰው ተጫውተን አዳነ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉንና ከምድቡ ወደቅን። ያሸነፉን ሁለቱ ግን ፍጻሜ ላይ ተገናኙ፤ ዋንጫውን ናይጄሪያ ወሰደች። ከምን ዓይነት ምድብ እንደወደቅን ከዚህ እዩት።

ቀጥሎ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስናሸንፍ ምድቡን የጨረስን መስሎን ነበር። ደስታው ሳይበርድ ጉድ መጣ። ምንያህል ተሾመ ቅጣት እያለበት ከቦትስዋና ጋር ተሰልፎ ኖሯል። ፊፋ ሦስት ነጥባችንን ወሰደ፤ ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። ዋልያዎቹ ግን አልተሰበሩም። የመጨረሻውን ጨዋታ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን አንደኛ ሆነው ጨረሱ። ብራዚል ለመግባት የቀረው ናይጄሪያ ብቻ ነበር፤ እርሱ አልሆነም። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0።

ይህን ሁሉ መንገድ ያስኬዱን ሰውነት ቢሻው ናቸው።

ከዚያ ጥር 2006 መጣ፤ እንደገና ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ ቻን። በአገር ውስጥ ክለብ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት ውድድር ነውና ሳላዲንም ጌታነህ ከበደም የሉም። ሊቢያ 2 ለ 0፣ ኮንጎ 1 ለ 0፣ ጋና 1 ለ 0። ሦስት ሽንፈት፣ አንድም ጎል የለም። ቡድኑ ከደቡብ አፍሪካ በተመለሰ ሰሞን ፌዴሬሽኑ አሰልጣኙን አሰናበተ።

ወሬውን ኳስ ቤት ይዞት የገባው ባጃጅ ነጂው ነው። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። «ሦስት ጨዋታ! ወላሂ ለሦስት ጨዋታ ብለው ሰውየውን ጣሉት!» አለ። ልብስ ሰፊው አንገቱን አቀርቅሮ፣ «የ31 ዓመቱን ነገር በሦስት ሳምንት ረሱት» አለ። ከዚያ ማንም አልተናገረም። ሀጂ ከጥግ ሆነው፣ «አብሽሩ ልጆቼ፣ አብሽሩ» ሲሉ ብቻ ተሰማ። የወሎ ሰው ማጽናኛ ሌላ ምን አለው!

እኔም ያን ጊዜ ያመንኩትን ዛሬም አምናለሁ። ያ ስንብት ስህተት ነበር። አንድ ቡድን በሙሉ ኃይሉ ሳይሰለፍ በተሸነፈበት ውድድር የሁለት ዓመት ሥራ አይመዘንም። ሚያዝያ ላይ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተቀጠሩ፤ ዋልያዎቹ ለቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ አላለፉም፤ ባሬቶም ዓመት ያህል ቆይተው እርሳቸውም ተሰናበቱ።

አሁን ወደ እንግሊዙ እንሂድ።

ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ማንቼን ከ26 ዓመት በላይ መርቶ፣ 13 የሊግ ዋንጫ አንስቶ በ2005 ጡረታ ወጣ። ተተኪውን ራሱ መረጠ፤ ከኤቨርተን ዴቪድ ሞይስን። የስድስት ዓመት ውል ተሰጠው። ፈርጉሰን በኦልድ ትራፎርድ የመጨረሻ ቀኑ ማይክ ጨብጦ፣ በከፋን ጊዜ ክለቡም ተጫዋቾቹም ከጎኔ ቆመዋል፤ እናንተም ከአዲሱ አሰልጣኝ ጎን ቁሙ ብሎ ደጋፊውን ለመነ። እኛም ከሚሴ ላይ ሰምተነዋል። ባጃጅ ነጂው የዚያን ጊዜ በጥሞና ነበር ያዳመጠው።

ነገሩ ግን አልሰምር አለ። በሜዳው ዌስት ብሮም አሸነፈው። ኒውካስል አሸነፈው። ሊቨርፑል መጥቶ 3 ለ 0፣ ሲቲ መጥቶ 3 ለ 0። የካቲት 2 ቀን 2006፣ የሰውነት ቢሻው ነገር ገና ከአፋችን ሳይወርድ፣ ከፉልሃም ጋር 2 ለ 2 ሲወጣ ማንቼ 81 ጊዜ አሻግሯል። ሰማንያ አንድ! ባጃጅ ነጂው ክሮሱን መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ ኋላ ተወው። «ማሎ! ማሎ!» እያለ ቴሌቪዥኑን ሲለምን አመሸ። መጋቢት ላይ ደጋፊዎች በአውሮፕላን ሞይስ ይውጣ የሚል ጨርቅ አስጎትተው በስታዲየሙ ላይ አበረሩ።

ሚያዝያ 12 ቀን 2006 ፋሲካ ነበር። የዚያን ዓመት የእኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ በአንድ ቀን ውሎ ነበር። ልብስ ሰፊው ቀን ቤቱ ጠርቶን ቡናውን ጠጥተን፣ ማታ አብረን ኳስ ቤት ገባን። ሰሌዳው ላይ «ኤቨርተን ከ ማንቼ» ተጽፏል። ጨዋታው የሚጀምረው 12 ሰዓት አለፍ ብሎ ነው። ለሞይስ ይህ ሜዳ ቤቱ ነበር፤ 11 ዓመት አሰልጥኖበታል።

ጨዋታው ሩቅ አልሄደም። ፊል ጆንስ ኳስ በእጁ ነካ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሌይተን ቤይንስ አገባ። ዕረፍት ሳይወጡ ኬቨን ሚራላስ ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 0። ካሜራው ሞይስን ሲያሳይ ከኋላው የመልአከ ሞት ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ማጭድ ይዞ ቆሟል። ቤቱ ሳቀ። ሀጂ አልሳቁም። «ሰው ፊት ሞት ይዞ መቆም ምን ይሉታል?» አሉ፤ ተነስተውም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰኞ ዕለት የእንግሊዝ ጋዜጦች ሁሉ ሞይስ ሊባረር ነው አሉ። ክለቡ ገና ምንም አላለም። ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ረፋድ ላይ ሬዲዮው አረጋገጠ። ሞይስ በአሥር ወሩ፣ ከስድስቱ ዓመት አንዱን እንኳ ሳይጨርስ ተሰናበተ። የእንግሊዝ አሰልጣኞች ማኅበር በኋላ ቅሬታውን ያሰማው በመባረሩ ሳይሆን በአባራረሩ ላይ ነበር፤ ዓለም ሁሉ ከሰማ በኋላ ለሰውየው መነገሩ ለማንም አይመችም።

ማታ ጨዋታ ሳይኖር ኳስ ቤቱ ሞላ። ጠረጴዛው የተደበደበው ያን ጊዜ ነው። ባጃጅ ነጂው ለሁሉም ሻይ ጋበዘ። ልጁ ሰሌዳው ላይ «ቅዳሜ ማንቼ ከ ኖርዊች» ብሎ ጽፎ ከሥሩ «አሰልጣኝ ጊግስ» ሲል ጨመረበት፤ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሀጂ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣» አሉት ባጃጅ ነጂውን። «በሰውነት ጊዜ ቁልፍ የወረወርከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ ሀጂ። ይሄ ግን ሌላ ነው። ይሄኛው አበላሽቷል!»

«ያኛውስ ተሸነፈ አላሉም?»

«ያኛው የእኛ ነው። ያኛው 31 ዓመት ያጣነውን አምጥቷል።»

«እሺ። የዚህኛውን ቃል ሰማህ? ምን ጎደለህ፣ ማን አስቸገረህ ብሎ የጠየቀው አለ?»

ባጃጅ ነጂው ዝም አለ። ልብስ ሰፊው ገባበት። «ሀጂ፣ ፈርጉሰንም ሲጀምር እንዲሁ ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ዋንጫ የሚባል አላየም። በ1982 ኤፍኤ ካፕን እስኪያነሳ ድረስ ይባረር የሚለው ብዙ ነበር። ታገሱት።» ከዚያ ስለራሱ ቡድን ተናገረ። ከወር በፊት፣ መጋቢት 13፣ አርሰን ቬንገር በአርሰናል 1000ኛ ጨዋታውን ቼልሲ ሜዳ ላይ አድርጎ 6 ለ 0 ተሸንፏል። ዋንጫ ካነሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። «እኛም ደክሞናል፤» አለ ልብስ ሰፊው፣ «ግን አላባረርነውም።» ወር ሳይሞላ አርሰናል ሃል ሲቲን 3 ለ 2 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን አነሳ። ያን ቀን ልብስ ሰፊው ለባጃጅ ነጂው ምንም አላለውም። ሻይ ብቻ ጋበዘው።

የሀጂ ነገር ግን ገና አላለቀም ነበር። እንዲህ አሉ፦

«በእኛ አገር ደም የፈሰሰበት ነገር እንኳ ቢሆን አስታራቂው አበጋር ይቀመጣል። ያንንም ወገን ይሰማል፣ ይህንንም ይሰማል። ጥፋተኛው ጥፋተኛ ነው፤ ካሣውን ይከፍላል። ሳይሰማ ግን አይፈረድበትም። እናንተ የሰውየውን ጥፋት ዘጠኝ ወር ስትቆጥሩ ከረማችሁ፤ አንድ ቀን ቃሉን ጠይቃችሁ አታውቁም። የእኛንም ሰው ሲያሰናብቱት እንዲሁ ነው፤ ውጤቱን ነገሩን፣ የእርሱን ቃል ግን እዚህ ድረስ ያመጣልን የለም። ሁለቱ ለእኔ አንድ ናቸው።»

ልብ በሉ፤ ሀጂ ሞይስ ይቆይ አላሉም። ውጤቱ ክፉ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ማንቼ 7ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፓ ውድድር ውጭ ሆነ። እርሳቸው የጠየቁት ሌላ ነገር ነው። ባጃጅ ነጂው ያን ማታ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ በማንቼ አሰልጣኞች ላይ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሉዊ ቫን ኻል ኤፍኤ ካፕን ባነሳ በሁለተኛው ቀን ተባረረ። ሞሪኞ በታኅሣሥ 2011 ሊቨርፑል ላይ 3 ለ 1 በተሸነፈ በሁለተኛው ቀን ተባረረ። ሶልሻየር ኅዳር 12 ቀን 2014 ሲባረር ከሚሴ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ያን ጊዜ ስለ ኳስ የሚያወራ አፍ አልነበረንም፤ የሶልሻየርን ነገር ኋላ ነው የተነጋገርነው። ስለዚያ ወር ከዚህ በላይ አልናገርም።

ቴን ሃግ ላይ ግን ቆም ልበል። ሁለት ዋንጫ አንስቷል፤ ሁለተኛውን ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፎ ነው። በዚያው ክረምት ውሉ ተራዘመለት። ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዌስት ሃም ሜዳ ላይ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠበት፤ ጃሮድ ቦወን አገባውና 2 ለ 1 ተሸነፈ። በማግስቱ ተባረረ። ማንቼ 14ኛ ነበር፤ ከ9 ጨዋታ 11 ነጥብ።

ይህ ቦወን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ግንቦት 30 ቀን 2015 ፕራግ ላይ፣ ዌስት ሃም ፊዮረንቲናን 2 ለ 1 አሸንፎ የኮንፈረንስ ሊግ ዋንጫን ሲያነሳ፣ በመጨረሻው ደቂቃ የማሸነፊያዋን ያገባ ነው። የዚያን ጊዜው የዌስት ሃም አሰልጣኝ ደግሞ ዴቪድ ሞይስ! በአሥር ወሩ የተጣለው ሰው የአውሮፓ ዋንጫ አነሳ። ጥር 2017 ላይ ኤቨርተን ራሱ መልሶ ቀጠረው። ማንቼ ግን በሩበን አሞሪም መሪነት የዚያን ዓመት ሊግ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ።

የቴን ሃግ ወሬ የመጣ ማታ ባጃጅ ነጂው ከእኔ ጎን ነበር። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ጸጉሩንም ሽበት ጀምሮታል። ጠረጴዛ አልደበደበም። ከፊት ያሉት ጎረምሶች ሲጨፍሩ ወደ እነርሱ ዞሮ፣ «እናንተ ልጆች፣ ከርሱ በፊት ስንት እንዳባረርን ታውቃላችሁ?» አላቸው። ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራላቸው፤ ሞይስ፣ ቫን ኻል፣ ሞሪኞ፣ ሶልሻየር። «አሰልጣኙን ለወጥን፤ ቡድኑን ግን ማን ጠየቀው? ተጫዋች የሚገዙትንስ ማን ጠየቃቸው?» አለ። የሚመልስለት አልነበረም።

ስለ ዋልያም እንዲሁ ነው። ከ2005 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በጥር 2014፣ ካሜሩን ላይ ነው፤ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ። ከሰውነት ቢሻው ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ ተፈራርቀውበታል። ውበቱም በ2015 ከቡድኑ ተለያዩ። ስንት ጊዜ እንዳፈረስንና ስንት ጊዜ እንደገና እንደጀመርን ቁጠሩት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የማንቼ ነገር ከእጃችን ውጭ ነው፤ ለንደንም ማንቸስተርም ከሚሴን አይጠይቁም። ዋልያ ግን የእኛ ነው። ፌዴሬሽኑ ቀጣዩን የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ለማሰናበት ሲነሳ ሰውየውን አደባባይ ላይ ያስቀምጥልን፤ ምን እንደጎደለው፣ ምን እንደጠየቀና ምን እንደተነፈገ በራሱ አንደበት ይንገረን፤ ከዚያ ይፍረድ። እናንተም ባጃጅ ነጂዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ በየኳስ ቤቱ አግዳሚ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁ።